ገበያና ገበታ በወረርሽኝ ዘመን

ለገዳዲ የሚለው ስም ሲነሣ የአዲስ አበባ ሰው በመጀመሪያ የሚያስበው የመጠጥ ውሃ ግድቡን ነው። ነጋዴ ግን ለገዳዲንና ለገጣፎን፣ ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን የሚያውቃቸው በሌላ ነው። ዋና ከተማዪቱ ከምትጠጣው ወተት፣ ወደ ውጭ አገር ከሚላከው አበባ፣ በየፋብሪካውና በየሕንጻው ሥራ ከሚውለው ጉልበት ብዙው ከዚህ ዙሪያ ይወጣል። እነዚህ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለሉ እንጂ፣ የኮሮና ወረርሽኝ በደረሰ ጊዜ እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ ነበሩ። በእነርሱ ዘንድ የደረሰው ችግር ለላኪውም ለባለሱቁም መመርመር የሚገባው ነው፤ የመጣው እህል ጠፍቶ ሳይሆን የእህሉ መግዣ ጠፍቶ ነበርና።

በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ በአዲስ አበባ በገባ ጊዜ ገበያውን የዘጋው በሽታው ራሱ ነበር፤ ሻጩም ገዢውም ባንድነት ታመው ተኝተዋል። በ2012 ዓ.ም. ግን ገበያውን አስቀድሞ ያቀዘቀዘው ጥንቃቄው ነው። የመጀመሪያው በሽተኛ መጋቢት 4 ቀን ተገኘ፤ በ7 ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ በ14 የየብስ ድንበር ተዘጋ፤ በ30 የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብም ተከለከለ።

ከሁሉ አስቀድሞ የተመታው አበባ ነው። ቡና ዋጋው ቢወድቅ በመጋዘን ይቆያል። ጽጌረዳ ግን ተቆርጣ፣ በቀዝቃዛ ክፍል ቆይታ፣ በማቀዝቀዣ መኪና ቦሌ ደርሳ፣ በአውሮፕላን ወደ አውሮፓ ካልተሻገረች በጥቂት ቀናት ውስጥ የምትጣል ናት። በዚያው መጋቢት 4 ቀን፣ ዕለቱም ዓርብ ነበር፣ በኔዘርላንድ በአልስሜር በሚካሄደው ታላቅ የአበባ ጨረታ ዋጋው ተንኰታኰተ፤ ገዢ ያጣው አበባም ተጣለ። በሰበታና በሆለታ መስመር ያሉ እርሻዎችን የጎዳቸው ይህ ብቻ አይደለም። የጽጌረዳ ተክል ገበያ ጠፋ ተብሎ ሥራ አይቆምለትም፤ ያበበው ካልተቆረጠ ተክሉ ይበላሻልና፣ ለመጣል የሚቆረጠውን አበባ ለመቁረጥ የቀን ሒሳብ ይከፈላል። መንግሥት በመጋቢት ወር ለአበባ ላኪዎች ተወስኖ የነበረውን ዝቅተኛ የመሸጫ ዋጋ አነሣ። የኢትዮጵያ አየር መንገድም የመንገደኛ በረራው ሲቀንስ በመንገደኛ አውሮፕላኖቹ ሳይቀር ጭነት ማመላለስ ጀመረ። በግንቦት መጀመሪያ የፈረንጆች የእናቶች ቀን በደረሰ ጊዜ ገበያው ማንሰራራት ጀምሮ ነበር። ለላኪው ያ ጊዜ ሁለት ወር ነው፤ አበባ ስትለቅም ውላ የዕለት ገቢዋን ለምትጠብቅ ሴት ግን ሁለት ወር እጅግ ረጅም ነው።

በሱሉልታ በኩል ያለው የወተት ነገር ደግሞ ሌላ መልክ ነበረው። ወረርሽኙ የገባው በዐቢይ ጾም መካከል ነው። በጾም ወራት የወተት ገበያ እንደሚቀዘቅዝ ባለላሞች ያውቁታልና ወተቱን ንጠው ቅቤ ያደርጉታል፤ የፋጉሎውንና የፉርሽካውን ዕዳ ግን ከፋሲካ በኋላ ለመክፈል ያስባሉ። ፋሲካ ሚያዝያ 11 ቀን ዋለ። ጾሙ ሲፈታ ሆቴሎቹ እንግዳ አልነበራቸውም፤ በየቡና ቤቱ ማኪያቶ የሚጠጣውም ሰው ተመናምኖ ነበር። የእንስሳት ተዋጽኦ በሽታውን ያስተላልፋል የሚል መሠረት የሌለው ወሬም ተጨመረበት። ላሚቱ ግን ወረርሽኝ አታውቅም፤ እንደ ወትሮዋ ትበላለች።

በለገጣፎና በለገዳዲ ሕንጻ ሥራ የሚውል የቀን ሠራተኛ፣ በቡራዩ ለሠርግና ለበዓል ልብስ የሚሸምን ሸማኔ፣ ሁሉም በየፊናው ገቢው ቀነሰ። ታክሲ በግማሽ ሰው እንዲጭን ሲታዘዝ ታሪፉ እጥፍ ሆነ፤ ወደ አዲስ አበባ ተመላልሶ ለሚሠራ ሰው ከገቢው የሚቀነሰው ይህ ብቻ ቀላል አልነበረም። ዐዋጁ አሠሪ ሠራተኛውን እንዳያሰናብት፣ አከራይም ተከራዩን እንዳያስወጣና ኪራይ እንዳይጨምር ከልክሏል፤ መልካም ነገር ነው። ይሁን እንጂ የቀን ሠራተኛ አይሰናበትም፤ በማግሥቱ አይጠራም እንጂ።

እዚህ ላይ ነው ባለሱቁ የሚገባው። ዘይት በሲኒ፣ ስኳር በሩብ ኪሎ የሚገዛ ቤተ ሰብ ገንዘብ ሲያጣ የሚሄደው ወደ ባንክ ሳይሆን ወደ ዱቤ ደብተር ነው። ባለሱቁ ግን ከመርካቶ ጅምላ ሻጭ ዕቃውን የሚያነሣው አብዛኛውን ጊዜ በእጅ በእጅ ነው። ብሔራዊ ባንክ በመጋቢት ለግል ባንኮች 15 ቢሊዮን ብር ማቅረቡ ታላቅ እርምጃ ነበር፤ ነገር ግን መያዣ የሌለው የሰፈር ሱቅ ከዚያ ብር ምን ያህል ይደርሰዋል? የተጨነቀ ቤት እንጀራና ሽሮውን በመጨረሻ ይተዋል፤ በመጀመሪያ የሚተወው ወተቱን፣ እንቍላሉንና ፍራፍሬውን ነው። ሆድ ሊሞላ ይችላል፤ ሕፃኑ ግን የሚያድግበትን ያጣል። ወረርሽኙ ከመግባቱ በፊት በ2011 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት እንኳ በኢትዮጵያ ከ5 ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት 37 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ።

የዓለም የምግብ ፕሮግራም በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ለከፋ ረኃብ የተጋለጠው የዓለም ሕዝብ ከ135 ሚሊዮን ወደ 265 ሚሊዮን ሊደርስ ይችላል ብሎ አስጠነቀቀ። በዚያው ሰሞን የዓለም ባንክ በኢትዮጵያ ከ3200 በላይ ቤተ ሰቦችን በስልክ ሲጠይቅ 55 በመቶው ገቢያቸው እንደቀነሰ ወይም ፈጽሞ እንደጠፋ መለሱ። ይሁን እንጂ ተመራማሪዎች በአዲስ አበባ በነሐሴ 2012 ዓ.ም. የቤተ ሰቦችን አመጋገብ ከአንድ ዓመት በፊት ከነበረው ጋር ሲያስተያዩ፣ በጠቅላላው ብዙ ሳይቀንስ አገኙት። ሁለቱ እርስ በርሳቸው የሚጣሉ ይመስላሉ፤ ለነጋዴ ግን አይጣሉም። ገቢ ጠፍቶ ምግብ ካልቀነሰ የተበላው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም የተቀመጠ ገንዘብ፣ ዕቁብና የባለሱቁ ካፒታል ነው። ደግሞም ያ ጥናት የአዲስ አበባን ቤተ ሰቦች እንጂ በሰበታ ወይም በቡራዩ በአንዲት ክፍል ተከራይታ የምትኖረውን የአበባ ሠራተኛ አልጠየቀም።

የአስቸኳይ ጊዜው በጳጉሜን 2012 ዓ.ም. አበቃ። አበባው ቦሌ መድረሱን ቀጠለ፤ ታክሲውም ወንበሩን ሞላ። የሚያዝያና የግንቦት ዱቤ ግን እንዲህ ቶሎ አልተሰበሰበም፤ ከተበዳሪዎቹ ብዙዎቹ ሥራ ፍለጋ ሰፈር የሚቀያይሩ ተከራዮች ነበሩና።