ከባነሩ በፊት ፎርማሊን

ዛሬ ተናድጄ ነው የምጽፈው፤ የፊደል ግድፈት ካለ እለፉኝ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከክፍለ ሀገር የማኅፀን በር ባዮፕሲ መጣልኝ። በምን ተልኮ? በጓንት! የቀዶ ሕክምና ጓንት ጣት ውስጥ ተከትቶ፣ ጫፉ ተቋጥሮ፣ በላዩ ፕላስተር ተለጥፎ ስም ተጽፎበታል። ፈሳሹ አጥቦት የሚነበበው የአባት ስም ብቻ ነው። ፎርማሊን የሚባል አልነካውም፤ ኖርማል ሳላይን ውስጥ ነው የከረመው፣ ሲከፈት ሽታው ክፍሉን ሞላው። እንደ ምንም ብለን ስላይድ ሠራንለት። የሴሎቹ ድንበር ጠፍቷል፣ ኒውክሊየሳቸው ሟሙቷል፣ ካንሰር ይሁን ተራ ቁስለት መለየት አይቻልም። የምርመራ መጠየቂያው ላይ ዕድሜ የለም። ሐኪሙ ያየውን እንዲጽፍበት በተተወው ቦታ ላይ "ለፓቶሎጂ" ይላል። ለፓቶሎጂ መሆኑንማ እኔም አውቃለሁ! "ለምርመራ ብቁ ያልሆነ ናሙና" ብዬ መለስኩ። ያቺ እናት እንግዲህ እንደገና ተሳፍራ፣ እንደገና ተቆርጦላት፣ እንደገና ውጤት ልትጠብቅ ነው።

እዚያው ቁጭ ብዬ ስልኬን ስከፍት ደግሞ የዘመድ ግሩፓችን ውስጥ አንድ ረጅም ጽሑፍ ተለቋል። ካንሰር የሚያመጣ ቫይረስ ብሎ ነገር የለም፣ የፈረንጅ ፈጠራ ነው፣ ክትባቱም በጥቁር ሴት ልጆች ላይ የሚሞከር ማምከኛ ነው ይላል። የላከችው አክስቴ ናት። ለእሷ ደውዬ አስረድቻታለሁ። ለቀሪዎቻችሁ በቁጥር ላስቀምጠው።

1. ካንሰር የሚያመጡ ቫይረሶች አሉ። ኤችፒቪ፣ ሄፓታይተስ ቢ፣ ሄፓታይተስ ሲ፣ ኤፕስታይን-ባር፣ የካፖሲ ሳርኮማ ሄርፐስ ቫይረስ፣ ኤችቲኤልቪ-1፣ የመርክል ሴል ቫይረስ። ፔይተን ራውስ የዶሮ ዕጢ በቫይረስ እንደሚመጣ ያሳየው በ1911 ነው፤ ኖቤሉን የሰጡት በ1966፣ ካረጀ በኋላ። ክርክሩ ድሮ ያለቀ ነው። ደግሞም የሚተላለፈው ቫይረሱ እንጂ ካንሰሩ አይደለም። የታመመች ሴት የምትበላበትን ሳህን የምትለዩ ሰዎች፣ እባካችሁ ተዉ።

2. "የፈረንጅ ፈጠራ" ለምትሉ። ዴኒስ በርኪት የሚባል አየርላንዳዊ ቀዶ ሐኪም ካምፓላ፣ ሙላጎ ሆስፒታል ይሠራ ነበር። መንጋጋቸው ያበጠ ሕፃናት በተደጋጋሚ ይመጡበታል። በ1958 ጻፈው። ከዚያ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በአሮጌ ፎርድ መኪና 10,000 ማይል ያህል ወደ ደቡብ እየዞረ፣ በየሆስፒታሉ ፎቶ እያሳየ "እንዲህ ያለ ልጅ ይመጣላችኋል?" እያለ ጠየቀ። በካርታ ላይ ሲያሰፍረው ዕጢው ሙቀትና ዝናብ ያለበትን፣ ማለትም የወባን አገር ተከትሎ ተገኘ።

ከዚያ ረጅም ጉዞ በፊት፣ በመጋቢት 1961 ለንደን ሄዶ ስለ ዕጢው ሲናገር፣ ከአድማጮቹ መካከል አንቶኒ ኤፕስታይን ነበር፤ የራውስን የዶሮ ቫይረስ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲያጠና የቆየ ሰው ነው። ናሙና ሊላክለት ተስማሙ። ከዚያ ወዲህ ከልጆቹ ዕጢ የተወሰደ ቁራጭ ከኡጋንዳ በአውሮፕላን እየተጫነ ሌሊቱን ለንደን ይገባ ጀመር። ሁለት ዓመት ያህል ምንም አልታየም። በታኅሣሥ 1963 አንዱ በረራ በጭጋግ ምክንያት ማንችስተር አረፈና ናሙናው ዘግይቶ ደረሰ። ፈሳሹ ደፍርሷል። ሌላ ሰው ቢሆን ባክቴሪያ ገባበት ብሎ ይደፋው ነበር። ኤፕስታይን ግን ጠብታ ወስዶ ሲያይ ያደፈረሰው ከቁራጩ ተላቀው የሚንሳፈፉ፣ በሕይወት ያሉ የዕጢ ሴሎች ሆነው ተገኙ። እነዚያን ሴሎች አራቧቸው፤ በ1964 ቫይረሱ ታየ። ከዚያም ሴሎቹ ፊላደልፊያ ለሄንሌ ባልና ሚስት ተልከው ከዚህ በፊት የማይታወቅ አዲስ ቫይረስ መሆኑ ተረጋገጠ።

ልብ በሉ፣ ያ ሴል በሕይወት ለንደን የደረሰው ካምፓላ ያለ ሰው በሥርዓት ስላሸገው ነው። በጓንት ጣት ቢልከው ኖሮ እስከ ዛሬ ስለ በርኪት ዕጢ ግምት እናወራ ነበር።

የቫይረሱ ስም ላይ ያሉት ኤፕስታይንና ባልደረባው ባር ናቸው። የግኝቱን ጽሑፍ አብሯቸው የጻፈው የትሪኒዳዱ በርት አቾንግ እንኳ ከስሙ ቀርቷል፤ ሥጋቸው የተወሰደባቸው የኡጋንዳ ልጆችማ ጭራሽ። በዚህ መናደድ ትችላላችሁ፣ እኔም እናደዳለሁ። "ቫይረሱ የለም" ማለት ግን እነዚያን ልጆች ሁለተኛ መዝረፍ ነው።

3. ኤችፒቪ፣ የማኅፀን በር ካንሰር የሚያመጣው ቫይረስ። ሐራልድ ሱር ሐውዘን ጀርመን ውስጥ 16ኛውን ዓይነት በ1983፣ 18ኛውን በዓመቱ ከማኅፀን በር ካንሰር አውጥቶ አሳየ፤ በ2008 ኖቤል ተሸለመ። የሱን ሁሉም ያወራል፣ እኔ ማውራት የምፈልገው ከዚያ በኋላ ስለመጣው ነው። ሊዮን ያለው ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ፣ አፍሪካን ጨምሮ ከ22 አገሮች የማኅፀን በር ካንሰር ናሙና አሰባሰበ። በ1995 ውጤቱ ሲወጣ ቫይረሱ የተገኘው በ93 በመቶው ነው። ተጠራጣሪ ሁሉ "ቀሪው 7 በመቶስ?" ብሎ ተነሣ። በ1999 የቀሩትን እንደገና መረመሯቸው፤ ቁጥሩ 99.7 በመቶ ሆነ።

7 በመቶውን ያመጣው ምን ነበር? በከፊል የምርመራው ዘዴ ነው፤ በከፊል ግን ናሙናው ራሱ ነው። በቂ ያልሆነ፣ የዕጢው ሴል የሌለበት፣ የተበላሸ። ማለትም "ምክንያቱ ቫይረስ ላይሆን ይችላል" የሚለው ክርክር አራት ዓመት የኖረው በመጥፎ ቁራጭ ላይ ነው! እኔ በየቀኑ የምጮኸው ስለዚህ ነው። ባዮፕሲ እንደተቆረጠ ወዲያው 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ ይገባል፤ ፈሳሹ የሥጋውን አሥር እጥፍ ይሁን። ዕቃው አፈ ሰፊ ይሁን። የፔኒሲሊን ብልቃጥ አይሆንም፤ ስትከቱት ለስላሳ ስለሆነ ይገባላችኋል፣ ፎርማሊን ሲያደርቀው እኔ በምን ላወጣው ነው? ብልቃጡን ሰብሬ? ስም፣ ዕድሜ፣ ከየት እንደተቆረጠ፣ መቼ እንደተቆረጠ። በቃ። ይህ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም።

እኛ ጋ ግን "ዓለም አቀፍ የሳይንስ ትብብር" ሲባል ሰው የሚያስበው ባነር ነው። የመግባቢያ ስምምነት ይፈረማል፣ ብዕር ይለዋወጣሉ፣ ሻይ ቡና አለ፣ ፎቶው ማታ ፌስቡክ ላይ ይወጣል። አንድ ጊዜ በትብብር ስም ከውጭ የመጣ፣ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ የሚያቀዘቅዝ ፍሪዘር አይቻለሁ። ጄኔሬተሩ እሱ ያለበትን መስመር አይደርስም ተብሎ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ስለሚንጫጫ ከሶኬቱ ነቅለውት በላዩ የፋይል ካርቶን ተቆልሎበታል። በዚያው ግቢ ፎርማሊን ስትጠይቅ ሞዴል 20 ሞልተህ፣ አስፈርመህ፣ ንብረት ክፍል ስትሄድ "የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ነው" ትባላለህ። ሲከፈት ደግሞ "ግዥ ገና አልተጀመረም"። ለባነር ግዥ የተዘጋበትን ቀን አይቼ አላውቅም።

ከውጭ የሚመጡትም ንጹሐን አይደሉም። ጥያቄውን አገራቸው ጨርሰው፣ ገንዘቡን ተከፋፍለው ይመጡና ከእኛ የሚፈልጉት ናሙናው የተቀመጠበትን የፓራፊን ብሎክ ብቻ ነው። ስማችን "እና ሌሎች" ውስጥ ይገባል። ናሙና ከአገር እንዳይወጣ የሥነ ምግባር ኮሚቴና የማስተላለፊያ ስምምነት መኖሩ ትክክል ነው፤ ካምፓላ ላይ የጎደለው እሱ ነበርና። ደብዳቤው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲንከባለል ተማሪው ተመርቆ መሄዱ ግን ለማን ይጠቅማል?

በአግባቡ የተሠራ ትብብር ማየት ከፈለጋችሁ ኬንያን ተመልከቱ። ኪሱሙ፣ ናይሮቢና ቲካ ውስጥ ከ15 እስከ 20 ዓመት የሆኑ 2,275 ወጣት ሴቶች ፈቅደው የኤችፒቪ ክትባት ጥናት ውስጥ ገቡ። ሲሶ ያህሉ ለማነጻጸሪያ የማጅራት ገትር ክትባት ነው የተሰጣቸው፣ የኤችፒቪውንም ኋላ አግኝተዋል። የኬንያ የሕክምና ምርምር ተቋምና የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ አብረው ሠሩት። በ2022 ሲታተም አንድ ዶዝ ብቻ የ16ኛውንና የ18ኛውን ዓይነት ዘላቂ ልክፍት 97.5 በመቶ እንደሚከላከል ታየ። ታንዛኒያ ውስጥም ሙዋንዛ ላይ በትንንሽ ልጃገረዶች የተደረገ ጥናት ነበር። በዚያው ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ዶዝ ይበቃል አለ። "አፍሪካውያን ላይ ሞከሩት" የምትሉት ይህንን ከሆነ፣ አዎ፣ አፍሪካውያት ያስገኙት ውጤት ነው፣ ዛሬ በብዙ አገር ያሉ ልጆች የሚወጉበት።

ስለ ማምከኛው። አውስትራሊያ ልጃገረዶቿን በትምህርት ቤት መከተብ የጀመረችው በ2007፣ እንግሊዝ በ2008 ነው። እነዚያ ልጆች ዛሬ እናቶች ናቸው። እኛ 14 ዓመት የሞላቸውን መከተብ የጀመርነው በ2018 መጨረሻ ነው፣ ከነሱ አሥር ዓመት ዘግይተን። ሙከራ ከሆነ በነጮቹ ነው የተጀመረው። ክትባቱ ውስጥ ያለው ኤል1 የሚባል የቫይረሱ ቅርፊት ፕሮቲን ነው። ኢያን ፍሬዘርና ቻይናዊው ጂያን ዦው በ1991 ብሪዝበን ውስጥ የቅርፊቱ ፕሮቲኖች ራሳቸው ተገጣጥመው ቅርፊት እንደሚሠሩ አሳዩ። ውስጡ ባዶ ነው፤ ዲኤንኤ የለው፣ አይባዛ፣ ካንሰር አያመጣ። ዦው ክትባቱ በ2006 ሲፈቀድ አላየም፣ በ1999 ሞቷል።

ሰው የሚዘለው አንድ ነገር አለ፦ የሰውነት መከላከያ። ኤችፒቪ ከያዛቸው ሴቶች አብዛኞቹ፣ ከ10 ዘጠኙ ያህል፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ራሳቸው ያጸዱታል። የሚያጸዱት ቲ ሴሎች ናቸው። ቫይረሱ ግን ስልተኛ ነው። ደም ውስጥ አይገባም፣ ሴሉን አያፈነዳም፣ ብግነት አያስነሣም፤ ላይኛው ሽፋን ላይ ተለጥፎ ስለሚኖር መከላከያው ሳይነቃ ይቆያል። በቆየበት ሴት ላይ ኢ6 እና ኢ7 የሚባሉት ፕሮቲኖቹ ፒ53ንና አርቢን፣ ሴሉ እንዳሻው እንዳይባዛ የሚጠብቁትን ሁለት ዘበኞች፣ ከሥራ ያስወጧቸዋል። ቀጥሎ ያለው የጊዜ ጉዳይ ነው። ኤችአይቪ ያለባት ሴት በማኅፀን በር ካንሰር የመያዝ ዕድሏ ስድስት እጥፍ የሚሆነው ቲ ሴሎቿ ስለሚመናመኑ ነው። ካፖሲ ሳርኮማ የሚባለው ካንሰርም እንዲሁ፤ ዩዋን ቻንግና ፓትሪክ ሙር ቫይረሱን ያገኙት በ1994 ከኤድስ ሕሙማን ነው። በርኪት ያየው የወባ ካርታም ከዚሁ ጋር ይያያዛል፤ የተደጋገመ ወባ መከላከያውን አድክሞ ቫይረሱን ይለቀዋል። ጄምስ አሊሰንና ጃፓናዊው ታሱኩ ሆንጆ የቲ ሴልን ፍሬን በማስለቀቅ ካንሰርን ማከም እንደሚቻል አሳይተው በ2018 ኖቤል ወሰዱ፤ በዚያው ዓመት ፔምብሮሊዙማብ የሚባለው ፍሬን አስለቃቂ መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ ለማኅፀን በር ካንሰር ተፈቀደ። ዋጋውን ባልነግራችሁ ይሻላል። ለዚህ ነው በአንድ መርፌ መከላከል እያለ ወሬ የሚነዛ ሰው የሚያቃጥለኝ።

ወሬ ደግሞ ያልተማረ ሰው ችግር አይምሰላችሁ። ጃፓን በ2013፣ ከክትባቱ በኋላ ታመሙ ተብለው በቴሌቪዥን በታዩ ጥቂት ልጆች ምክንያት የጤና ሚኒስቴሯ ክትባቱን መምከር አቆመ። 70 በመቶ ገደማ የነበረው ተከታቢ ከአንድ በመቶ በታች ወረደ። ናጎያ ውስጥ 30,000 ገደማ ወጣት ሴቶች ተጠንተው ክትባቱና ሕመሙ እንደማይገናኙ ታየ፤ ሚኒስቴሩ ግን ምክሩን የመለሰው በ2022 ነው። ዘጠኝ ዓመት! ሆንጆ አገር ላይ!

አንድ ነገር ልጨምርና ልተኛ። ባለፈው አንድ ባል ውጤት መስጫው መስኮት ላይ መጥቶ፣ ስልኩን ወደ እኔ አዙሮ ቴሌግራም ያነበበውን እያሳየ "ዶክተር፣ ይሄ ነገር መቼ ነው የያዛት?" አለኝ። የጠየቀኝ ስለ በሽታው እንዳልሆነ ገብቶኛል። ሚስቱ ከኋላው አግዳሚው ላይ ነጠላዋን ተከናንባ ተቀምጣለች። ጋሼ፣ ይህ ቫይረስ አሥር ዓመትም ሃያ ዓመትም ተኝቶ ይኖራል፤ መቼ እንደገባ የሚናገር ምርመራ የለም፣ ምናልባት እርስዎ ያመጡት ይሆናል አልኩት። ዝም አለ። "የሴሰኛ በሽታ" ብላችሁ የምትጽፉ ሰዎች፣ ትዳር እያፈረሳችሁ ነው።

በውስጥ መስመር ለምትጠይቁኝ፦ ክትባቱ በደንብ የሚሠራው ቫይረሱ ከመግባቱ በፊት ነው፣ ስለዚህ የልጃችሁ ተራ ሲደርስ አታስቀሯት። ያገባችሁት ደግሞ ከ30 እስከ 49 ከሆናችሁ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ የቅድመ ካንሰር ምርመራ አድርጉ፤ በአሴቲክ አሲድ የሚታየው ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። ኤችአይቪ በደማችሁ ካለ ከ25 ጀምሩ። የተከተበችም ልጅ ዕድሜዋ ሲደርስ ትመርመር፣ ክትባቱ ሁሉንም ዓይነት አይሸፍንም። የስላይድ ፎቶ እየላካችሁ "ምንድን ነው?" አትበሉኝ፣ በስልክ ውጤት አልሰጥም።