የቤተሰብ ጥሪትና ዕዳ፤ ሚዛኑን በየጊዜው ስለ መመርመር

በየወሩ መጨረሻ ደመወዙን ተቀብሎ፣ የባንኩን ክፍያ ፈጽሞ፣ የልጆቹን የትምህርት ቤት ወጪ ሸፍኖ፣ ዕቁቡንና ዕድሩን አድርሶ በእጁ ጥቂት ብር ብቻ ሲቀረው የሚያይ አባወራ፣ ወይም ይህንኑ ሸክም ብቻዋን የምትሸከም እማወራ፣ «ይህን ሁሉ ዓመት ደክመን ምን አፈራን?» ብለው ቢጠይቁ ጥያቄያቸው የሚነቀፍ አይደለም፤ የሚነቀፈው የጥያቄውን መልስ በኪስ ውስጥ መፈለግ ነው። ዕዳ እየከፈለ የሚኖር ሰው የሚያገኘው ትርፍ በእጅ የሚዳሰስ ንዋይ ሳይሆን ከአበዳሪው መዝገብ ላይ የሚሰረዝ ቁጥር ስለ ሆነ፣ የራሱን መዝገብ ካልያዘ በቀር እድገቱንም ሆነ ውድቀቱን ለይቶ ሊያውቅ አይችልም። በዛሬው ጽሑፋችን ይህ የቤተሰብ መዝገብ ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚያዝና ከምን ስሕተት ሊጠበቅ እንደሚገባው እናብራራለን።

የሰውን ኑሮ ለመመዘን ልማድ ያደረግናቸው መለኪያዎች ሁለት ናቸው፤ አንደኛው የወር ገቢው ሲሆን ሁለተኛው የቀረበት ዕዳ ነው። ሁለቱም ብቻቸውን ሲቆሙ ያሳስታሉ፤ ምክንያቱም ገቢው ብዙ የሆነ ሰው ወጪው ከገቢው ከበለጠ ከዓመት ወደ ዓመት እየደኸየ ሊሄድ ይችላል፣ ብዙ ዕዳ ያለበት ሰው ደግሞ በዕዳው ከዕዳው የሚበልጥ ንብረት ገዝቶበት እንደሆነ ዕዳ ከሌለበት ጎረቤቱ የተሻለ ጥሪት ሊኖረው ይችላል። ትክክለኛው መለኪያ ያለው ሁሉ ተደምሮ፣ ያለበት ሁሉ ከዚያ ላይ ተቀንሶ የሚቀረው፣ በሒሳብ አዋቂዎች ዘንድ የተጣራ ሀብት የሚባለው ነው።

ይህ ሥርዓት አዲስ አይደለም። ፍራንሲስካዊው መነኩሴ ሉካ ፓቾሊ እ.ኤ.አ. በ1494 በቬኒስ ባሳተመው የሒሳብ መጽሐፍ ውስጥ የከተማይቱ ነጋዴዎች ይሠሩበት የነበረውን የድርብ ምዝገባ የሒሳብ አያያዝ ሲያስረዳ፣ ነጋዴው ከሁሉ አስቀድሞ ያለውንና ያለበትን ቆጥሮ በዝርዝር እንዲጽፍ ይመክራል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ግንብ ሊሠራ ስለሚወድ ሰው የተነገረው ምሳሌም ለእኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ መጋቢነት ከቆጠራ የሚጀምር መሆኑን ምእመናን ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲሰሙት ኖረዋል። የጎደለን ትምህርቱ ሳይሆን ትምህርቱን በቤታችን ወረቀት ላይ ማዋል ነው።

ወረቀቱ በሁለት ይከፈላል። በቀኝ በኩል ቤተሰቡ ያለው ሀብት ይጻፋል፤ ይኸውም በባንክ ያለው ተቀማጭ፣ በቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ያለው ቁጠባና ዕጣ፣ አክሲዮን ካለ አክሲዮኑ፣ ወርቅ፣ ቤትና ተሽከርካሪ ነው። በግራ በኩል የባንክ ብድር፣ የማኅበር ብድር፣ ከመሥሪያ ቤት በቅድሚያ የተወሰደ ደመወዝ፣ የሱቅ ዱቤ፣ ከዘመድና ከወዳጅ የተወሰደው ሳይቀር ይጻፋል። የቤት ዕቃና ልብስ ሲገዙ ብዙ ብር የወጣባቸው ቢሆኑም ሲሸጡ የሚያወጡት ጥቂት ስለሆነ ከዝርዝሩ ውጭ ማድረግ ይሻላል። ወርቅም ቢሆን የሚገመተው በተገዛበት ዋጋ ሳይሆን አንጥረኛው ዛሬ መልሶ ሊገዛበት በሚስማማበት ዋጋ፣ የእጅ ሥራው ሳይታሰብ ነው። ቤቱን የሚገምት ሰው ደግሞ በሠፈሩ ከተወራው ከፍተኛ ዋጋ ይልቅ በቅርብ ጊዜ ተሽጦ ገንዘቡ ከተከፈለበት ተመሳሳይ ቤት ዋጋ ዝቅ አድርጎ ቢጽፍ ራሱን ከከንቱ ተስፋ ይጠብቃል።

በአገራችን ቤተሰብ መዝገብ ውስጥ ልዩ ማስተዋል የሚሻው ዕቁብ ነው፤ አንዱ ዕቁብ ዕጣው ሳይወጣ ሀብት፣ ዕጣው ከወጣ በኋላ ዕዳ ነውና። ለምሳሌ 12 አባላት በየወሩ 5,000 ብር በሚጥሉበት ዕቁብ አራት ጊዜ ጥሎ ዕጣው ያልደረሰው ሰው በሀብት በኩል 20,000 ብር ይጽፋል፤ በሦስተኛው ዙር ዕጣ ደርሶት 60,000 ብር የተቀበለው ሰው ግን የቀሩትን ዘጠኝ ዙሮች መጣል ስላለበት በዕዳ በኩል 45,000 ብር ሊጽፍ ይገባዋል። የዕቁብን ገንዘብ እንደ ትርፍ ቆጥሮ ለድግስ የሚያውል ቤተሰብ የሚሳሳተው ይህን መስመር ባለ መጻፉ ነው። ዕድር በአንጻሩ ለኀዘን ቀን የተደረገ የመረዳጃ ቃል ኪዳን እንጂ ተመላሽ ቁጠባ ስላልሆነ በሀብት አይቆጠርም።

ከዕዳው ዝርዝር ግርጌ ደግሞ ዋስትና ሊጻፍ ይገባዋል። ለባልንጀራው ብድር ደመወዙን ዋስ ያደረገ ሰው ዛሬ የሚከፍለው ባይኖርም ተበዳሪው ሲጠፋ ወይም ሲያቅተው ሸክሙ የእርሱ ስለሚሆን፣ የዋስትናውን መጠንና የሚያበቃበትን ቀን ሳይጽፍ የሠራው ሚዛን ሙሉ ሊሆን አይችልም። በውጭ አገር ካለ ዘመድ በዶላር የተበደረም ዕዳውን በየጊዜው በዕለቱ ምንዛሪ እያሰላ ሊጽፍ ይገባል፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ተመን በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ ከዚያ በፊት በባንክ ከ58 ብር በታች የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጥቷልና፣ በብር የሚኖር በዶላር የሚከፍል ቤተሰብ አንድ ሳንቲም ሳይበደር ዕዳው ያደገበትን ዘመን አይተናል።

አሁን ወደ ዕዳው ጠባይ እንለፍ። በአዲስ አበባ ከ1990ዎቹ ማገባደጃ ጀምሮ በተካሄደው የጋራ መኖሪያ ቤቶች መርሐ ግብር ከመቶ ሺህ የሚበልጡ ቤቶች ለነዋሪዎች ሲተላለፉ፣ በ20/80 ሥርዓት የተመዘገበው ከዋጋው 20 በመቶውን በቅድሚያ ከፍሎ የቀረውን በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የረጅም ጊዜ ብድር እየከፈለ የቤት ባለቤት ለመሆን በቅቷል። ከዚያ ወዲህም የግል ባንኮችን ብድር ይዘው የገቡ ብዙዎች አሉ። እነዚህ ሁሉ ሊያውቁት የሚገባው ነገር የረጅም ጊዜ ብድር ክፍያ ወርኃዊ መጠኑ ሳይለወጥ ውስጡ የሚለወጥ መሆኑን ነው። 500,000 ብር በ12 በመቶ ዓመታዊ ወለድ ለ15 ዓመት የተበደረ ሰው በየወሩ ወደ 6,001 ብር ይከፍላል፤ በመጀመሪያው ወር ከዚህ ውስጥ 5,000 ብሩ ወለድ ሲሆን ከዋናው ገንዘብ የሚቀነሰው 1,001 ብር ያህል ብቻ ነው። በአንደኛው ዓመት መጨረሻ 72,010 ብር ከፍሎ ዕዳው የቀለለው በ12,693 ብር ነው፤ የዋናው ዕዳ እኩሌታ የሚያልቀውም በሰባት ዓመት ከመንፈቅ ሳይሆን በ126ኛው ወር፣ ማለት ከአሥር ዓመት ከመንፈቅ በኋላ ነው። እንግዲህ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት «ከፍዬ ከፍዬ አላልቅ አለኝ» የሚል ተበዳሪ የሚናገረው እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ ይህ ከብድሩ ሥርዓት የመጣ እንጂ ከእርሱ ስንፍና የመጣ ስላልሆነ ተስፋ ሊያስቆርጠው አይገባም።

ይኸው ሥርዓት ለሚበረታ ሰው የሚያግዝበት ጎን አለው። ከላይ የጠቀስነው ተበዳሪ ከመጀመሪያው ወር አንሥቶ በየወሩ 1,000 ብር ጨምሮ ቢከፍልና ባንኩም ጭማሪውን ከዋናው ገንዘብ ላይ ቢቀንስለት፣ ብድሩ በ180 ወር ፈንታ በ126 ወር ያልቃል፤ አራት ዓመት ከመንፈቅ ያተርፋል፣ ከሚከፍለው ወለድም ወደ 199 ሺህ ብር ይቀንሳል። ስለዚህ ቤተሰቡ በቅድሚያ መክፈል የተፈቀደ መሆኑን፣ ቅጣት ያለበት እንደሆነና ጭማሪው በምን መልክ እንደሚመዘገብ የብድር ውሉን አንብቦ፣ ባንኩንም ጠይቆ ሊረዳ ይገባዋል።

የተጣራ ሀብቱን መዝግቦ ከዓመት ዓመት የሚያነጻጽር ሰው ግን ከአንድ ትልቅ ስሕተት መጠበቅ አለበት፤ ይኸውም ገበያው የሰጠውን ጭማሪ እጁ ያፈራው አድርጎ መቁጠር ነው። ቤቱ 2,400,000 ብር፣ ልዩ ልዩ ቁጠባው 200,000 ብር፣ ዕዳው 600,000 ብር የሆነ ቤተሰብ የተጣራ ሀብቱ 2,000,000 ብር ነው። በዓመቱ የባንክ ዕዳውን በ12,693፣ ሌላውን ዕዳ በ40,000 ብር ቢቀንስ፣ ቁጠባውንም በ10,000 ብር ቢያሳድግ በራሱ ጥረት ያፈራው 62,693 ብር ነው። በዚያው ዓመት ቤቱ 2,700,000 ብር ቢገመት የተጣራ ሀብቱ 2,362,693 ብር ይሆናል፤ ነገር ግን ከጭማሪው 300,000 ብሩ የገበያ ነው። ቤተሰቡ የሚኖርበትን ቤት ሸጦ እንደዚያው ያለ ቤት መግዛት ቢኖርበት ያን ትርፍ ያው ገበያ መልሶ ይወስድበታል። ስለዚህ በመዝገቡ ላይ «በጥረት» እና «በዋጋ» ተብለው ሁለት ዓምዶች ይከፈቱ፤ የቤተሰቡ ትጋት የሚመዘነው በፊተኛው ብቻ ነው።

ከዚህ ጋር የዋጋ ንረት አለ። በ2014 ዓ.ም. የአገራችን ዓመታዊ የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ደርሶ እንደ ነበር የሚዘነጋ የለም። በምሳሌያችን ዓመት ንረቱ 20 በመቶ ነበር ብንል፣ የ2,000,000 ብር ጥሪት የመግዛት ኃይሉ ሳይቀንስ ለመቆየት 2,400,000 ብር መድረስ ነበረበት፤ እንግዲህ 362,693 ብር ጨመረ የተባለው ቤተሰብ በእውነተኛው ሚዛን 37,307 ብር ጎድሎበታል። በሌላ በኩል ወለዱ የማይለወጥ ብድር ንረት ባለበት ዘመን በራሱ እየቀለለ ስለሚሄድ፣ ተበዳሪው በባንክ ዕዳው ላይ ከሚገባው በላይ በመጨነቅ ለሕመምና ለሥራ ማጣት ያስቀመጠውን ገንዘብ ሁሉ አሟጦ መክፈል አይገባውም። ግድግዳው በመከራ ቀን ሐኪም ዘንድ አይከፈልም፤ እጁን ባዶ ያደረገ ባለቤትም በመጨረሻ የሚሄደው ወደ አራጣ አበዳሪ ነው። ይህ ምክር ግን የሚሠራው ደመወዙ ከዋጋው ጋር ለሚያድግለት ሰው መሆኑ አይዘንጋ፤ ገቢው ባለበት የቆመ ሰው የወር ክፍያው በንረት ምክንያት ቀለለለት ሊባል አይችልም።

ከብዙ ዕዳዎች የትኛው ይቅደም ለሚለው መልሱ ግልጽ ነው፤ ወለዱ የከበደው ይቅደም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በግለሰቦች መካከል ለሚደረግ የገንዘብ ብድር ወለዱ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ የወሰነ ሲሆን፣ አራጣ ማበደርም በወንጀል ሕጉ ያስቀጣል፤ ሆኖም በየመንደሩ በወር 10 በመቶ የሚጠይቅ አበዳሪ አልጠፋም፣ እንዲህ ያለው ዕዳ ያለበት ቤተሰብም ለባንኩ ጭማሪ ከመክፈሉ በፊት ከዚህ ቀንበር ሊላቀቅ ይገባዋል። ከዚያ ቀጥሎ ወለድ ባይኖረውም የወዳጅ ብድር ይምጣ፤ ዋጋው በገንዘብ ባይሰላም ያልተመለሰ የወዳጅ ብድር ነገ በችግር ጊዜ የሚደርስን ሰው ያሳጣል።

ይህ ሁሉ የአንድ ሰው ምሥጢር ሆኖ ሊቀር አይገባም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስት የጋራ የሆነውን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለመስጠት፣ ከ500 ብር በላይ ለመበደር ወይም ለማበደር፣ ለሌላ ሰው ዕዳም ዋስ ለመሆን የሁለቱም ስምምነት እንዲኖር ይደነግጋል። ሕጉ ይህን ያዘዘው የአንዱ ፊርማ የሁለቱንና የልጆቹን ኑሮ ስለሚነካ ነው፤ ነገር ግን የቤቱን ሀብትና ዕዳ የማያውቅ ተጋቢ የሚሰጠው ስምምነት ስሙ እንጂ ፍሬው የለም። ስለዚህ መዝገቡ በሁለቱ ፊት ይጻፍ፣ ለአካለ መጠን የደረሱ ልጆችም ይዩት።

ጊዜውን በተመለከተ በየዕለቱ መቁጠር ጭንቀትን እንጂ ዕውቀትን አይጨምርም። በበጀት ዓመቱ ሩብ ዓመታት መጨረሻ፣ ማለት መስከረም 30፣ ታኅሣሥ 30፣ መጋቢት 30 እና ሰኔ 30 ቀን፣ ከባንኩ የቀረውን ዕዳ የሚያሳይ መግለጫ ወስዶ ወረቀቱን ማደስ ይበቃል፤ የቤቱን ግምት ግን በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ መለወጥ ይገባል። መንግሥትና ድርጅት ሒሳባቸውን ሳይዘጉ ዓመቱን አያልፉም፤ የአገር ሁሉ መሠረት የሆነው ቤተሰብም ከዚህ ያነሰ ክብር የለውም። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ በሚመጣው የሩብ ዓመት መጨረሻ ከትዳር ጓደኛህ ጋር ተቀምጠህ ያላችሁንና ያለባችሁን ጻፉ፤ የሚወጣው ቁጥር ቢያስደስትም ቢያሳዝንም፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ የምትከፍሉት እያንዳንዱ ብር ወዴት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ።