ፒክልቦል፦ ጨዋታው ያስማማል፣ ሜዳው ያከራክራል

በዱባይ እንዲሁም በአጎራባቾቿ በሻርጃና በአጅማን ፒክልቦል የተሰኘው የራኬት ጨዋታ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ተወዳጅነቱ እየጨመረ ይገኛል። ጨዋታው በቀላሉ የሚለመድ ስለመሆኑ ብዙዎች ቢስማሙም፣ ስለ መስፋፋቱ ያላቸው አስተያየት ግን ይለያያል። የልዩነቱ መነሻ ጨዋታው የሚፈልገው ቦታ፣ ሰዓትና ገንዘብ ነው።

ፒክልቦል የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1965 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ በቤይንብሪጅ ደሴት ነው። ጆኤል ፕሪቻርድና ቢል ቤል ቤተሰባቸውን ለማዝናናት በአሮጌ የባድሚንተን ሜዳ ላይ በጠረጴዛ ቴኒስ መምቻና በተበሳሳ የፕላስቲክ ኳስ ጀመሩት፤ ባርኒ ማክካለምም ደንቡን በማውጣት አገዛቸው። በዚህ የተነሳ ሜዳው እስከ ዛሬ ከባድሚንተን የጥንድ ሜዳ ጋር እኩል ሲሆን፣ 13.4 ሜትር ርዝመትና 6.1 ሜትር ስፋት አለው።

ጨዋታውን አንዳንዶች ከፓድል ጋር ያምታቱታል። ዱባይ እ.ኤ.አ. በ2022 የዓለም ሻምፒዮናውን ያስተናገደችበት ፓድል በመስታወት ግድግዳ የታጠረ፣ 20 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ ልዩ ሜዳ ይጠይቃል። ለፒክልቦል ግን ለጥ ያለ ወለል፣ መስመርና መረብ በቂ ናቸው።

ደጋፊዎቹ ጨዋታው ዕድሜና ጉልበት ሳይለይ ሰዎችን ያገናኛል ይላሉ። ከመረቡ ግራና ቀኝ በሚገኘው፣ «ኩሽና» እየተባለ በሚጠራው 2.1 ሜትር ክልል ውስጥ ቆሞ ኳስን ከአየር ላይ መምታት ክልክል በመሆኑ፣ ጉልበተኛው መረቡ ሥር ቆሞ ጀማሪውን ሊያጠቃ አይችልም። በአንድ የቴኒስ ሜዳ ላይ አራት የፒክልቦል ሜዳዎችን ማስመር ስለሚቻልም፣ አራት ሰዎች በሚጫወቱበት ስፍራ አሥራ ስድስት ሰዎች ይስተናገዳሉ።

የቴኒስና የባድሚንተን ተጫዋቾች ቅሬታም የሚነሳው ከዚሁ ነው። የባድሚንተን መረብ 1.55 ሜትር ከፍታ ሲኖረው፣ የፒክልቦል መረብ በመሐሉ 86 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። አንዱን ሜዳ በአንድ ሰዓት ሁለቱም ሊጠቀሙበት አይችሉም፤ መስመር ሲደራረብም ዓይን ያደናግራል።

ሁለተኛው ጉዳይ ድምፅ ነው። ጠንካራው መምቻ የፕላስቲኩን ኳስ ሲመታ የሚሰማው ተደጋጋሚ ቋ ቋ የሚል ድምፅ በአሜሪካ ጎረቤታሞችን ፍርድ ቤት እስከማድረስ ደርሷል። በኤምሬትስ ደግሞ ሙቀቱ ነገሩን ያጠናክረዋል። ከሰኔ 15 እስከ መስከረም 15 (እ.ኤ.አ.) ከቀኑ 6፡30 እስከ 9፡00 ሰዓት በፀሐይ ላይ መሥራት በሕግ በተከለከለበት አገር፣ የበጋ ጨዋታ ወደ ማታ ወይም ወደ ቀዝቃዛ አዳራሽ መሸሹ አይቀርም። የማታው ጨዋታ ማልዶ ለሥራ የሚነሳውን ሰው እንቅልፍ ይነሳል፤ አዳራሹ ደግሞ ኪራይ ያስከፍላል።

የገንዘቡና የጊዜው ጥያቄ ለሠራተኞች ይበልጥ ይከብዳል። በሻርጃና በአጅማን እየኖሩ ዱባይ የሚሠሩ ብዙዎች ከሥራ በኋላ ያለውን ጊዜ መንገድ ላይ ያሳልፋሉ። እ.ኤ.አ. የ2022 የፌዴራል ድንጋጌ ቁጥር 9 ለቤት ሠራተኞች በሳምንት አንድ ቀን ክፍያ ያለው ዕረፍት ቢያረጋግጥም፣ የአራት ጓደኛሞች የዕረፍት ቀን ሁልጊዜ አይገጥምም። በአንጻሩ ኪራዩን ለአራት መካፈልና መምቻ ተውሶ መጀመር ወጪውን ያቀልላል።

ለመጀመር የሚያስቡ ሰዎች ወደ ጎን ለሚደረግ እንቅስቃሴ የሚሆን ጫማ ቢያደርጉ፣ ኳስ ተከትለው ወደ ኋላ ከመሮጥ ቢቆጠቡና ውኃ ቢይዙ ይመከራል፤ በተለይ በዕድሜ ለገፉት ትልቁ ስጋት መውደቅ ነው። በመኖሪያ ግቢ ለመጫወትም የሕንጻውን አስተዳደር አስቀድሞ ማስፈቀድ ተገቢ ነው። የሜዳ ተራና የማታ ማብቂያ ሰዓት በግልጽ ከተወሰነ፣ የተጫዋቹ ደስታም የጎረቤቱ እንቅልፍም ይጠበቃል።