ኮንት ሊዮንቲየፍ፦ የዛሩ ሰው ወይስ የምኒልክ?

የአዳማ ሰው ስለ ሩሲያ ሲነሳ ቶሎ የሚታወሰው በደርግ ዘመን በሶቪየቶች እርዳታ በከተማዋ የተተከለው የትራክተር መገጣጠሚያ ይሆናል። ትውውቁ ግን ከባቡሩም ይቀድማል። ሐዲድ ባልነበረበት ጊዜ ከጅቡቲ በሐረር በኩል ወደ ሸዋ የሚመጣ እንግዳ አዋሽን የሚሻገረው በግመልና በበቅሎ ነበር። በ1895 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) ከመጡት እንግዶች አንዱ የኬርሶን ግዛት ባላባት ልጅ የሆነው ሩሲያዊ ኒኮላይ ሊዮንቲየፍ ነው። አብሮት የመጣው የሩሲያውያኑ ጉዞ መሪ አሌክሳንደር ኤሊሴዬፍ ታሞ ከሐረር ሲመለስ፣ ምክትሉ ሊዮንቲየፍ ግን እስከ እንጦጦ ዘልቆ ከምኒልክ ፊት ቀረበ። ሊዮንቲየፍ የሩሲያ መንግሥት ሙሉ ሥልጣን ሰጥቶ የላከው አምባሳደር አልነበረም። ሩሲያ እንዲህ ካሉ ሰዎች ምን ያህል ትርቅ እንደነበር ለመረዳት ከስድስት ዓመት በፊት በዛሬዋ ጅቡቲ ሳጋሎ ላይ የሰፈሩትን የሩሲያዊውን የአሺኖቭን ኮሳኮች ማሰብ ይበቃል፤ የፈረንሳይ መርከቦች በመድፍ ሲደበድቧቸው ፒተርስቡርግ አላውቃቸውም ብላ ነበር።

ሊዮንቲየፍን በተመለከተ የሚሰማው ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ አጭር ነው፤ ጀብደኛ፣ ወሬኛ፣ አጭበርባሪ። ብዙው እውነት ነው፣ አልሟገትለትም። ጥያቄው ግን ምኒልክ ተታለው ነበር ወይ የሚለው ነው፤ ሥራቸው ሲታይ መልሱ አልተታለሉም የሚል ይመስለኛል። ኢጣሊያ በውጫሌ ውል ኢትዮጵያን በሞግዚትነት ይዣለሁ ትል በነበረበት ሰዓት ምኒልክ የሚያስፈልጋቸው ነፃነታቸውን የሚያውቅ ኃያል መንግሥት ነበር። ሊዮንቲየፍ በሩን ከፈተ፣ በበሩ የገቡት ግን የራሳቸው መልእክተኞች ናቸው። በ1895 ክረምት እነ ፊታውራሪ ዳምጠው ፒተርስቡርግ ደርሰው በዳግማዊ ኒኮላስ ፊት ቆሙ። የአንድ ነጻ ንጉሥ መልእክተኞች በዛር ግቢ አቀባበል ሲደረግላቸው፣ ያ ራሱ ለሮም የተሰጠ መልስ ነው። ፊታውራሪ ዳምጠው በማግሥቱ ዓመት ዐድዋ ላይ ወደቁ። ከድሉም በኋላ ምኒልክ ለዛሩ ንግሥ ክብር ብለው ኀምሳ የኢጣሊያ ምርኮኞች ሲለቁ፣ በጉዳዩ መካከል የነበረው ያው ሊዮንቲየፍ ነው።

ሁለቱን አገሮች ያቀራረበው የሃይማኖት ዝምድና ነው የሚሉ አሉ። ኦርቶዶክስነት መግቢያ ሆኗል፣ አይካድም። ብቻውን ቢሆን ግን ምኒልክ ከካቶሊኳ ፈረንሳይ ጋር ያን ያህል ባልተቀራረቡ፣ የባቡሩንም ፈቃድ ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ ባልሰጡ ነበር። ሰውን የሚመዝኑት ለአገራቸው በሚሰጠው ጥቅም ነው። ሩሲያም በበኩሏ ደግ ልብ ስላላት ብቻ አልመጣችም፤ የእንግሊዝ ኃይል በዐባይና በቀይ ባሕር ዙሪያ እንዳይሰፋ ትፈልግ ነበር።

ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ ሹመቱ ነው። ምኒልክ ለሊዮንቲየፍ በአገራችን ያልተለመደውን የኮንትነት ማዕረግ ሰጥተው የደቡቡን ጠረፍ፣ «የምድር ወገብ አውራጃዎች» የተባለውን፣ እንዲያስተዳድር ሾሙት። ለባዕድ መሬት መስጠት አይደለም ወይ? ቦታውን ያየ ግን ሒሳቡን ያገኘዋል። ራስ ወልደ ጊዮርጊስ በ1898 እስከ ሩዶልፍ፣ ዛሬ ቱርካና እስከምንለው ሐይቅ ዘልቀው ባንዲራ ተክለዋል፤ ከጦራቸው ጋር የነበረው የሁሳሩ መኮንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች ዘመቻውን በመጽሐፍ ጽፎታል። ሊዮንቲየፍ በ1899 የሄደው የኢትዮጵያን ባንዲራ ይዞ ወደዚያው ጠረፍ ነበር። እንግሊዝ ከኬንያ በኩል በምትገፋበት ወቅት በስፍራው ኢትዮጵያን ወክሎ የቆመ አውሮፓዊ መኖሩ ለአዲስ አበባ ብዙ ወጪ ያላስከተለ መከታ ነበር። ዋጋውን የከፈለው የአካባቢው ሕዝብ መሆኑን ግን መሸፋፈን አይገባም፤ የሊዮንቲየፍ ሰዎች በደል አድርሰዋል፣ ይህንን የትኛውም የዲፕሎማሲ ብልኃት አያጥበውም። ጥቅሙ ሲያልቅና ክሱ ሲበዛ ምኒልክ ሹመቱን አነሡበት።

ሩሲያም ብትሆን መደበኛውን ሥራ ለእሱ አልተወችም። በ1898 መጀመሪያ ፒዮትር ቭላሶቭ የመጀመሪያውን ይፋዊ ልዑክ ይዞ አዲስ አበባ ገባ። ምኒልክ ከሁለቱም ጋር ጎን ለጎን ሠሩ፤ ተታላይ ንጉሥ እንዲህ አያደርግም።

ሊዮንቲየፍ በ1910 ፓሪስ ውስጥ ሞተ። ከጓዙ ጋር የመጣው ኢቫን ባቢቼፍ ግን እዚሁ ቀርቶ ኢትዮጵያዊት አገባ፤ ልጁ ሚሽካ ባቢቼፍ ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች አንዱ ሆነ፣ በ1940ዎቹም ኢትዮጵያን ወክሎ ሞስኮ ተሾመ።