የእናቱ እግር ያበጠ ነው… ልተወው ወይስ ላግባው?

ልጅቷ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ሶዶ ውስጥ ፀጉር ቤት ትሠራለች፤ ስሟንም የፀጉር ቤቱንም ቦታ አልነግራችሁም። ከልጁ ጋር ሦስት ዓመት ተዋደዋል። ጨዋ ነው፣ ሥራ አለው፣ አይጠጣም። ታዲያ ሽማግሌ ሊላክ ሲል ምን ወሬ ቢመጣ ጥሩ ነው? «የእናቱን እግር አይታችኋል?» የሴትየዋ ሁለቱም እግሮች ከጉልበት በታች አብጠዋል፤ ዝሆኔ የምንለው ነው። አባቷ በአንድ ቃል ዘጉት፤ «እዚያ ቤት ልጅ አልሰጥም!»

እኔ ጋ ስትመጣ ዓይኗ ቀልቷል። «ልተወው?» አለችኝ። ከንፈር መጥጬ ብሸኛት ይቀለኝ ነበር። ግን እስቲ ሰው ምን ይላል ብዬ ሰሞኑን በየደረስኩበት ጠየቅኩ።

የባጃጁ ሾፌር፣ «በዘር ነው እኮ! ነገ ልጆቿ ላይ ይወጣል፤ ትተወው» ብሎ ፈረደ። ቡና የምታፈላልን ሴት፣ «እርግማን ነው ይላሉ፤ እኔ አላውቅም፣ ብቻ አጠገባቸው አልቀመጥም» አለች። አንድ የኮሌጅ ተማሪ ደግሞ «ፍቅር ካለ ቤተሰብ ምን አገባው!» ብሎ ጮኸ፤ ያንተ እህት ብትሆንስ ስለው ግን አንገቱን አከከ። አንዲት አሮጊት ብቻ ናቸው መልሰው የጠየቁኝ። «ልጄ፣ ልጁ ጫማ ያደርጋል?»

ለካስ ከሁላችንም ጉዳዩ የገባቸው እሳቸው ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወላይታ ውስጥ በብዛት የምናየው ዝሆኔ ትንኝ የምታመጣው ዓይነት አይደለም። ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም፤ አብረው ቢበሉ፣ አንድ አልጋ ላይ ቢተኙ ምንም የለም። ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። ስሙን ከግሪክኛ «እግር» እና «አቧራ» አጣምሮ ያወጣለት ኢትዮጵያ ውስጥ በሽታውን ያጠናው ብሪታንያዊው ሐኪም ኤርነስት ፕራይስ ነው። ከጥንት እሳተ ገሞራ የተገኘው ቀይ አፈር ውስጥ ደቃቅ የማዕድን ቅንጣቶች አሉ። ለዓመታት በባዶ እግሩ የሚሄድና የሚያርስ ሰው ቆዳ ውስጥ ይገባሉ፤ የሰውነት ፈሳሽ የሚያመላልሱትን ቀጫጭን ቱቦዎች ያስቆጣሉ፣ ይዘጋሉ። ከዚያ እግር ያብጣል። እንግዲህ ዝናብ ሲጥል ከዳሞታ ሥር ያንን ቀይ ጭቃ ያልረገጠ ማን አለ?

«ታዲያ ለምን ሁላችንም አልታመምንም?» ትሉኝ ይሆናል። እዚህ ላይ የባጃጁ ሾፌር ግማሽ እውነት አለው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣና የዚሁ የወላይታ ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት፣ ለበሽታው መጋለጥ በዘር እንደሚወርድ አሳይቷል። ግን ልብ በሉ! የሚወረሰው ተጋላጭነቱ ነው እንጂ እብጠቱ አይደለም። አፈሩ ካልነካው ዘር ብቻውን እግር አያሳብጥም። ከዚያ ቤት የተወለደ ልጅ ገና መሄድ ሲጀምር ጫማ ቢደረግለት፣ እግሩም በየቀኑ ቢታጠብ፣ የአያቱ በሽታ ላያገኘው ይችላል።

እኔን ደስ ያሰኘኝ የዓለም ዜናም ይሄ ነው። በሽታው ድሮ ሰሜን አፍሪካ ውስጥ፣ እነ አልጄሪያ፣ ቱኒዚያና ሞሮኮ ነበር። አውሮፓም ገብቶ ነበር፤ ፈረንሳይና ስኮትላንድ ሳይቀሩ። ዛሬ እዚያ የለም። ክትባት ተገኝቶለት መሰላችሁ? ኧረ ወዲያ! ሰዉ ጫማ አደረገ፣ አለቀ።

እኛ ጋ ግን እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ግምት 1.5 ሚሊዮን ያህል ኢትዮጵያውያን ታመዋል ይላል። ወላይታ ላይ ቀደም ብሎ በ2006 የወጣ ጥናት ደግሞ፣ ሕመምተኞቹ ከሥራ ቀናቸው 45 በመቶውን እንደሚያጡ ቆጥሯል። ግማሽ ዓመት ሊሞላ ምን ቀረው? አንድ ነገር ሁሌ ይቆጨኛል፤ አዲስ አበባ ላይ የሰው ጫማ ከሚያበሩት ሊስትሮዎች መካከል ስንቶቹ የወላይታ ልጆች ናቸው! አገር ቤት ያለችው እናት ግን ባዶ እግሯን ናት።

ለታመሙትም ቢሆን ተስፋው አልተቆረጠም። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ወደ 700 የሚጠጉ ሕመምተኞች የተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ሙከራ፣ ቀላል እንክብካቤ ያንን ከትኩሳት ጋር የሚነሳ የእግር ሕመም እንደሚቀንስ አሳይቷል። እግርን በውኃና ሳሙና መታጠብ፣ ማድረቅ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ነው። እዚሁ ወላይታም ሞሲ ፉት የተባለው ማኅበር ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ በዚሁ ዓይነት መንገድ ሲረዳ፣ ታመው የተሻላቸውን ሰዎችም ጫማ መሥራት ሲያስተምር ቆይቷል።

እናንተ የከተማ ልጆች፣ ስኒከር አድርገን ምን አገባን እንዳትሉ። ክረምት ቤተሰብ ጋ ስትወርዱ ጫማችሁን አውልቃችሁ አይደል ማሳ የምትገቡት? ነጠላ ጫማም አፈሩን አይከለክልም፤ ሽፍን መሆን አለበት።

ይህን ሁሉ ለልጅቷ ነገርኳት፤ እሷም ለአባቷ። አባቷ አዳምጠው ሲያበቁ፣ «ልጁ ትንሽ ሳለ ጫማ ነበረው?» አሏት። ወይ ጉድ! ለካ እስከ ስምንተኛ ክፍል በባዶ እግሩ ነው የተማረው። አልደበቃቸውም፤ ቁጭ ብሎ ካልሲውን አውልቆ አሳያቸው። እግሩ እስካሁን ደህና ነው፤ ወደፊትም ይሄንኑ መጠበቅ አለበት። አባቷ እሺም እምቢም አላሉም፤ «ከጊፋታ በኋላ እንነጋገራለን» ብቻ አሉ።

እሷ ግን ጊፋታን አልጠበቀችም። እሑድ ዕለት ሳፋና ሳሙና ይዛ ልጁ እናት ቤት ሄደች። ሴትየዋ መጀመሪያ እግራቸውን ቀሚሳቸው ውስጥ ደብቀው እምቢ ብለዋት ነበር። አሁን ችግሩ ሌላ ነው። ሱቅ ካለው ጫማ አንዱም አልገባ ስላላቸው፣ ሁለቱ በልክ የሚሠራ ሰው እያፈላለጉላቸው ነው።