ስለ መርከብ መገልበጥና በውስጡ ስለሚናጥ ውሃ

ባሕር በሌለበት በሐራ ተቀምጦ ስለ መርከብ መጻፍ ለአንዳንድ ሰው እንግዳ ነገር ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን ከሀብሩና ከወልድያ አካባቢ ተነሥተው በጅቡቲ በኩል ወደ የመን የሚሻገሩ ወጣቶች ስላሉ፣ የጀልባ መገልበጥ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. በየመን በአብየን ጠረፍ አጠገብ ከ150 የሚበልጡ ሰዎች፣ አብዛኞቹም ኢትዮጵያውያን፣ የተሳፈሩበት ጀልባ ተገልብጦ ከ70 የሚበልጡት ሞተዋል። ስለዚህ መርከብ እንዴት እንደሚገለበጥና ሊቃውንት ይህን በኮምፒዩተር እንዴት እንደሚያሰሉት ለመግለጽ አስቤአለሁ።

ብዙ ሰው መርከብን የሚያጠፋው የገባው ውሃ ክብደት ብቻ ይመስለዋል። የባሰው ግን የውሃው መንቀሳቀስ ነው። በአህያ ላይ ጢም ብሎ የሞላ ጀሪካን ብንጭን ጸጥ ብሎ ይሄዳል፤ ግማሽ የሆነው ግን ይናጣል፣ ጭነቱንም ያጋድላል። መርከብም ጥቂት ወደ ቀኝ ሲያዘነብል በውስጡ ያለው ውሃ ወደ ቀኝ ይሮጣል፤ ክብደቱም ስለተዛወረ መርከቡ ይበልጥ ያዘነብላል፤ ውሃውም እንደገና ይከተለዋል።

የካቲት 27 ቀን 1979 ዓ.ም. ሄራልድ ኦፍ ፍሪ ኢንተርፕራይዝ የተባለው የእንግሊዝ መርከብ ከቤልጂግ ወደብ ከዜብሩገ ሲወጣ፣ የፊት በሩ ሳይዘጋ ቀርቶ ውሃ መኪና ወደሚቆምበት ወለል ገባ። ወለሉ እንደ ሜዳ የተዘረጋና ከልካይ ግድግዳ የሌለው ስለነበረ መርከቡ በደቂቃዎች ውስጥ ተጋድሞ 193 ሰዎች ሞቱ። መስከረም 18 ቀን 1987 ዓ.ም. ደግሞ ኤስቶኒያ የተባለው መርከብ በባልቲክ ባሕር ማዕበል የፊት መዝጊያው ተገንጥሎ 852 ሰዎች አለቁ።

እንዲህ ያለው ወለል በቁመቱ በአንድ ግድግዳ እኩል ለሁለት ቢከፈል የውሃው የመገልበጥ ኃይል ወደ ሩብ፣ ለሦስት ቢከፈል ወደ ዘጠነኛ እጅ ይወርዳል። ነዳጅ የሚያመላልስ ቦቴም ሆዱ በግድግዳ የሚከፋፈለው ፈሳሹ እንዳይናጥ ነው፤ ግማሽ የጫነ ቦቴ ፍሬን ሲይዝ ነዳጁ ከኋላ እንደሚገፋ ሾፌሮች ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። በተጨናነቀ ጀልባ ላይ ግን ከውሃው ሌላ የሚንቀሳቀስ ጭነት አለ፤ እርሱም ሰው ነው። ሁሉም በድንጋጤ ወደ አንድ ወገን ሲሸሽ በወለሉ የተጠራቀመው ውሃም አብሮ ይሮጣል፤ የሚያግደውም የለም።

ከላይ ያልነው የሩብና የዘጠነኛ ሒሳብ የሚያገለግለው ውሃው ሳይበጠበጥ መርከቡም በጥቂቱ ሲያዘነብል ነው። በማዕበል ጊዜ ውሃው ይረጫል፣ ተለያይቶም እንደገና ይገናኛል። አንደኛው የኮምፒዩተር ስሌት ቦታውን በማይንቀሳቀሱ ሣጥኖች ከፍሎ የሚገባና የሚወጣውን ውሃ ይቆጥራል፤ ውሃው ሲበታተን ግን ወሰኑን መከታተል ይቸግረዋል። ሁለተኛው ሣጥኑን ትቶ ውሃውን ራሱን እንደ እህል በፍሬ በፍሬ ይከፋፍለዋል። እያንዳንዷ ፍሬ ክብደቷን፣ ፍጥነቷንና ግፊቷን ይዛ ትጓዛለች፤ የምታውቀውም የቅርብ ጎረቤቶቿን ብቻ ነው። ፍሬዎቹ በጣም ከተጠጋጉ ይገፋፋሉ፤ የመርከቡ ግድግዳ ይመልሳቸዋል፤ የመሬት ስበት ወደ ታች ይጎትታቸዋል። ከሴኮንድ እጅግ ባነሰ ጊዜ ሁሉም አንድ እርምጃ ይራመዳሉ፣ ስሌቱም እንደገና ይጀመራል። በግድግዳው ላይ ያሳረፉት ግፊት ተደምሮ መርከቡ ወዴትና ምን ያህል እንደሚያዘነብል ይታወቃል።

የሚገርመው ይህ ዘዴ የተፈለሰፈው ለውሃ አለመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ሉሲ (ሊቁ ነው እንጂ የእኛዋ ድንቅነሽ አይደለችም)፣ እንዲሁም ጊንጎልድና ሞናገን የከዋክብትን ነገር ለመመርመር አወጡት። ሞናገን እ.ኤ.አ. በ1994 ለውሃ አዋለው፤ ጃፓናውያኑ ኮሺዙካና ኦካም እ.ኤ.አ. በ1996 ሌላ ተቀራራቢ ዘዴ አሳተሙ።

ሆኖም ዘዴው ብዙ ድካም ያለበት ነው። የፍሬዋ ስፋት በግማሽ ቢቀንስ የፍሬዎቹ ቍጥር 8 እጥፍ ይሆናል፤ እርምጃውም ስለሚያጥር ሥራው 16 እጥፍ ይደርሳል። በመርከቡ ክፍሎች ውስጥ ታፍኖ የሚቀረው አየርም ስሌቱን ያውካል። ስለዚህ ውጤቱ ከመታመኑ በፊት፣ ጎኑ የተቀደደ ትንሽ አምሳያ መርከብ በገንዳ ውሃ ላይ ተንሳፎ ከሚሰጠው ውጤት ጋር ይመሳከራል።