ልጆች በተረት ውስጥ መልካቸውን ይዩ

ማታ ከእራት በኋላ፣ ምድጃው ሳይዳፈን፣ አያት «ተረት ተረት» ብላ ስትጀምር ልጆች «የላም በረት» ብለው መመለስ በሀገራችን የቆየ ልማድ ነው። በዱርቤቴ፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም አገር ያደገ ሰው ከፊደል አስቀድሞ የተማረው በዚህ ጉባኤ ነው። ፊደል ሆሄያትን ያስተምራል፤ ተረት ግን ማን ብልህ፣ ማን ቂል፣ ማን የተወደደ፣ ማንስ የተናቀ እንደ ሆነ ለልጁ ይነግረዋል። ስለዚህ ተረት የሕፃን የመጀመሪያ መስተዋት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ዛሬ በብዙ ቤት የአያትን ቦታ ከባሕር ማዶ የመጣ መጽሐፍና የሚንቀሳቀስ ሥዕል ይዞታል። ጥበቡን አንነቅፍም። ነገር ግን በዚያ ያለችው ልዕልት ጠጕሯ ቢጫ፣ ፊቷም እንደ በረዶ ነጭ ነው። ለጎጃም ገበሬ በረዶ የደረሰ ጤፍ የሚያወድም መቅሠፍት እንጂ የውበት ምሳሌ አይደለም። መልካሙን ነገር ሁሉ ዘወትር በሌላ ሰው መልክ ብቻ እያየ ያደገ ሕፃን «መልካምነት ለእኔ ዓይነት ፊት አልተሰጠም» ብሎ ቢያስብ ማን ይፈርድበታል?

ይህም በግምት ብቻ የተነገረ አይደለም። በኤውሮጳ አቆጣጠር በ1940 ገደማ ኬኔት ክላርክና ሚስታቸው ማሚ ክላርክ የተባሉ ጥቁር አሜሪካውያን ሊቃውንት ከቀለማቸው በቀር አንድ ዓይነት የሆኑ ነጭና ጥቁር አሻንጉሊቶችን ለጥቁር ሕፃናት አቅርበው «መልካሙ የቱ ነው? ክፉውስ? አንተን የሚመስለውስ የቱ ነው?» እያሉ ጠየቁ። ከሕፃናቱ የሚበዙት መልካሙ ነጩ ነው አሉ። በ1954 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጥቁርና ነጭ ተማሪዎችን በትምህርት ቤት መለያየት ሕገ ወጥ ነው ብሎ ሲፈርድ፣ ኬኔት ክላርክ የጻፉትን ጥናት በፍርዱ ግርጌ ጠቅሶታል። የሕፃን ልብ ቍስል በዳኛ ፊት ማስረጃ ለመሆን በቃ ማለት ነው።

ይህን ቍስል አስቀድመው የተረዱ ሰዎችም ነበሩ። ዊልያም ዱ ቦይስ ከወይዘሪት ጄሲ ፎሴት ጋር ከ1920 እስከ 1921 ድረስ ለጥቁር ሕፃናት የተዘጋጀ ወርኃዊ መጽሔት እያሳተሙ ተረትን፣ ግጥምንና የጀግኖችን ታሪክ ከልጆቹ ፎቶግራፍ ጋር አወጡ። ዕድሜው 24 ወር ብቻ ቢሆንም መንገዱን አሳየ። ኋላም በ1987 ጆን ስቴፕቶ የተባለው ጥቁር ሠዓሊ ስለ አንዲት ትዕቢተኛና ስለ አንዲት ቸር እኅት የሚነገረውን የአፍሪካ ተረት በዚምባብዌ ጥንታዊ ፍርስራሽ አምሳል ሥሎ አሳተመ፤ ልዕልቲቱም ጥቁር ሆና በክብር ታየች።

«የሰውን ተረት መለወጥ ነውር አይደለምን?» የሚል ቢኖር፣ ተረት መንገደኛ መሆኑን ያስታውስ። ሲንደሬላ የተባለችውን ልጅ ታሪክ ፈረንሳዊው ሻርል ፔሮ በ1697 ቢያሳትመውም፣ ጫማዋ ስለ ጠፋባትና ንጉሥ ስላገባት ልጅ የሚናገር ተረት በቻይና ከርሱ 800 ዓመት ያህል አስቀድሞ ተጽፎ ነበር። ወደየአገሩ ሲገባ የየአገሩን ልብስ ይለብሳል። የኛም ሰዎች ይህን ያውቁበታል። በዘጌ የዑራ ኪዳነ ምሕረትን ግድግዳ ያየ ሰው ከሩቅ አገር የመጣው ታሪክ በሀገራችን ሰው ፊት ተሥሎ ያገኘዋል። ክቡር ዶክተር ከበደ ሚካኤልም «ታሪክና ምሳሌ» በተባሉት መጻሕፍታቸው የውጭውን ምሳሌ በአማርኛ ግጥም አሳመሩት። አባባ ተስፋዬ ተብለው የሚታወቁት አቶ ተስፋዬ ሣህሉ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ከ40 ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ሲነግሩ ኖሩ።

ይሁን እንጂ ጥፋቱን ሁሉ በባዕድ ላይ ብንጥል ሐሰት ይሆንብናል። እኛው በቤታችን «ቀይ»፣ «ጠይም»፣ «ጥቁር» እያልን ልጆቻችንን በመልክ ደረጃ እናወጣ የለምን? በጎጃም ምዕራብ በመተከል የሚኖረው የጉሙዝ ሕዝብ ከደጋው በወረዱ ሰዎች እየተፈነገለ በባርነት ሲሸጥ መኖሩ የታወቀ ነው። ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ተሻረ፤ የስድቡ ቃል ግን ከአዋጁ በኋላ በብዙ አፍ ላይ ቀረ። እንግዲህ ጥቁር ሕፃንን በተረት ማክበር አሜሪካኖች ብቻ የሚሠሩት ሥራ አይደለም፤ የእኛም ዕዳ ነው።

ለምሳሌ ያህል አንዲት እናት የሲንደሬላን ተረት እንዲህ አድርጋ ብትነግረውስ?

በግልገል ዓባይ አጠገብ አባትና እናት የሞቱባት አንዲት ጥቁር ልጅ ነበረች። የእንጀራ እናቷ የአባቷን ርስት ይዛባት አመድ ስታስጠርጋት ትውላለች፤ የእንጀራ እኅቶቿም በጥቁረቷ ይሰድቧታል። ለጥምቀት በዓል እነርሱ ጥበብ ለብሰው ሲሄዱ፣ ልጅቱ ሁልጊዜ ውኃ የምትቀዳላቸው ጎረቤት ባልቴት እናቷ በአደራ ያስቀመጠችላትን ቀሚስና ጥንድ የብር አልቦ አውጥተው ሰጧት። በጥምቀተ ባሕሩ ዳር የደጃዝማቹ ሕፃን ልጅ ውኃ ውስጥ ወደቀ። ሰው ሁሉ ሲጮኽ እርስዋ ዘላ ገብታ አወጣችው፤ አንዱ አልቦ ግን ወልቆ በጭቃው ውስጥ ቀረ፤ እርስዋም ሳትታወቅ ሄደች። ደጃዝማቹ «የአልቦው ባለቤት ትምጣ» ብለው ቢያሳውጁ ብዙ ሴቶች «የእኔ ነው» እያሉ ተሟገቱ። ዳኛው ግን «ጥንዱን አምጪ» ይላል። ጥቁሪቱ ልጅ ከመቀነቷ ፈትታ አቀረበችው፤ ሕፃኑም «ያወጣችኝ እርስዋ ናት» ብሎ መሰከረ። «ምን ይሰጥሽ?» ስትባል ወርቅ አልለመነችም፤ የአባቷን ርስት ጠየቀች፤ ተፈረደላትም።

በዚህ አነጋገር ልጅቱ የምትከበረው እግሯ ትንሽ ስለ ሆነ ሳይሆን በድፍረቷና በእውነቷ ነው። የሥዕሉን ቀለም ብቻ አጥቁሮ ጥቁሩን ልጅ አሽከርና አጃቢ አድርጎ መተው ግማሽ ሥራ ነው፤ ባለ ታሪክ ይሁን፣ ይፈር፣ ይድፈር፣ ይርታ።

የተከበራችሁ አንባቢዎች፣ ሥልጣን ያላችሁ ለመምህሩና ለሠዓሊው ይህን ሥራ አዝዙ፤ ሀብት ያላችሁ ለማሳተሚያው እርዱ፤ ሌላው ሁሉ የሽማግሌዎችን ተረት ሳይጠፋ ይጻፍ። ወላጆችም ዛሬ ማታ ለልጆቻችሁ ስትተርቱ የጀግናው መልክ ምን ዓይነት እንደ ሆነ ቢጠይቋችሁ፣ «አንተን ይመስላል፤ አንቺን ትመስላለች» ብላችሁ መልሱላቸው።